«የሚመለከተው አካል» ማን ነው? የመራጭን ችግር በክልል ምክር ቤት የማንሣት አሠራር

በአንድ የክልል ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ለብዙ ጉባኤዎች ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ። አንድ ጊዜ ጉባኤው በተበተነ ማግስት አንዲት የምክር ቤት አባል ቢሮዬ መጡ። በሙያቸው መምህርት ናቸው። «ወንድሜ፣ ትናንት ስለ ውኃችን የተናገርኩትን እስቲ ያንብቡልኝ፤ ለመራጮቼ ላደርሰው ነው» አሉኝ። ፈልጌ አነበብኩላቸው፦ «የተከበሩ አባሏ በወረዳቸው የንፁህ መጠጥ ውኃ ችግር መኖሩን ገልጸው፣ የሚመለከተው አካል ትኩረት እንዲሰጠው ጠይቀዋል።»

ዝም አሉ። አዳራሹ ውስጥ ስለ እናቶች ጀርባ፣ ከትምህርት ገበታ ስለሚቀሩ ሴቶች ልጆች ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ የተናገሩት ሁሉ ይችው አንድ ዓረፍተ ነገር ሆና ቀርታለች። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማን ምን ተጠየቀ፣ ማን ምን መለሰ የሚለውን ነው። እሳቸው ደግሞ ማንንም በስሙ አልጠየቁም፤ ስለዚህ መልስ የሰጠም አልነበረም። በቀጣዩ ጉባኤ ግን አንድ ገጽ ወረቀት ይዘው መጡ። ከዚህ በታች ለምክር ቤት አባላት የምጽፈው አሠራር አብዛኛው ከዚያች ወረቀት የተማርኩት ነው።

አንደኛ፦ አዳራሽ ከመግባትዎ በፊት ቦታው ድረስ ይሂዱ

የቀበሌ ስብሰባ ጠርቶ ችግር ማስመዝገብ ብቻውን አይበቃም። በስብሰባ ላይ ቀድመው የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ መናገር የለመዱት ናቸው፤ ሴቶቹ ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ችግሩ የጸናባቸውም ሳይናገሩ ይበተናሉ። መምህርቷ ንጋት ላይ ምንጩ ዘንድ ሄደው ከሴቶቹ ጋር ተራ ይዘው ተቀመጡ። ውኃው በጣሳ እየተቀዳ ጄሪካን ውስጥ ይገለበጣል፤ አንዷ እስክትሞላ ሌላዋ ትጠብቃለች። እዚያ ነበር አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ እኛ ውኃ የለንም አንልም፤ ውኃውማ እዚያ ላይ ተቆልፎበታል» ብለው ወደ ኮረብታው ያመለከቷቸው።

ወደ ኮረብታው ወጡ። ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሯል። የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ተሠርቷል። ቧንቧ ተዘርግቶ ስድስት ቦኖዎች ቆመዋል፤ አፋቸው በሽቦ ታስሯል። የጎደለው ፓምፑን የሚያንቀሳቅስ ኤሌክትሪክ ነበር። ችግሩ «የውኃ እጥረት» መሆኑ ቀረና «ያለቀ ፕሮጀክት መብራት አልተሳበለትም» ሆነ። የመጀመሪያው ጥያቄ የአዲስ ጉድጓድ በጀት ያስጠይቃል፤ ሁለተኛው የአንድ መስመር ክፍያ። ምንጩ ዘንድ ባይሄዱ ኖሮ ለዓመታት የተሳሳተውን ጥያቄ ይጠይቁ ነበር።

በቦታው ሲገኙ ቆጥረው ይመለሱ። ስንት ቦኖ አለ፣ ስንቱ ይሠራል፤ ከቤት እስከ ምንጭ የስንት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ። «በርካታ ነዋሪዎች»፣ «ለረዥም ጊዜ»፣ «ከፍተኛ ችግር» የሚሉት ቃላት ለባለሥልጣን ምቹ ናቸው፤ «በርካታ ሥራ እየተሠራ ነው» በሚል በዚያው ዓይነት ቃል ይመልስባቸዋል።

የነገሩዎትን ሰዎች ስም በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ስሙን በማስታወሻዎ ይያዙት፤ አዳራሽ ውስጥ ግን አይጥሩት። እርስዎ ጉባኤው ሲያልቅ ወደ ቤትዎ ይገባሉ። ስለ ቀበሌው ሊቀ መንበር የነገረዎት ገበሬ ግን ማዳበሪያውንም፣ የመሬት ደብተሩንም የሚጠይቀው እዚያው ሊቀ መንበር ዘንድ ነው።

ሁለተኛ፦ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ይለዩ

ብዙ መልካም ጥያቄ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። አባሉ ስለ አንድ መንገድ አምርሮ ይናገራል፤ ኃላፊው ተነሥቶ «መንገዱ የፌዴራል ነው» ብሎ ይቀመጣል። ነገሩ በዚያው ያበቃል።

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 የፌዴራሉን፣ አንቀጽ 52 የክልሉን ሥልጣን ይዘረዝራል። ሁለቱን አንቀጾች አትመው በማስታወሻዎ ውስጥ ይያዙ፤ ሁለት ገጽ አይሞሉም። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ ጎዳናዎች፣ ፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን፣ ክልል ተሻጋሪ ወንዞች ለፌዴራል መንግሥት የተሰጡ ናቸው። ለፌዴራል መንግሥት ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ ተለይቶ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልል ነው። መሬትን ክልሉ ያስተዳድራል፤ የሚያስተዳድረው ግን የፌዴራል መንግሥት ባወጣው ሕግ መሠረት ነው። በክልሉ ውስጥ ደግሞ ሥራው በቢሮ፣ በዞንና በወረዳ ይከፋፈላል። ጤና ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ወረዳው ሆኖ መድኃኒት የሚደርሰው በሌላ መሥመር ሊሆን ይችላል። የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ «ይህን ለመሥራት የማን ፊርማ ያስፈልጋል?» ብለው ይጠይቁት። ፊርማው ያለበት ቦታ ጥያቄው የሚሄድበት ቦታ ነው።

የእኒያ ስድስት ቦኖዎች ነገር የሚያስተምረው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው አገልግሎት የፌዴራል ተቋም በመሆኑ ለክልል ምክር ቤት ተጠሪ አይደለም። የውኃ ቢሮው ኃላፊ «መብራት የእኛ አይደለም» ቢል እውነቱን ነው። መምህርቷ ግን መብራቱን አልጠየቁትም። ቢሮው መስመር እንዲሳብ መቼ አመለከተ? የክፍያ ግምቱ መጣለት? ከፈለ? እነዚህ ሦስቱ ሙሉ በሙሉ የክልሉ ሥራ ናቸው፤ ቢሮው ደግሞ ለምክር ቤቱ ተጠሪ ነው። ችግሩ ከክልል ሥልጣን ውጭ በሆነ ጊዜ እንኳ ክልሉ የሚሠራው ድርሻ አይጠፋም፤ መጠየቅ፣ መክፈል፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ መከታተል አለ። እሱን ብልት ለይቶ ማውጣት የአባሉ ሙያ ነው።

ችግሩ የአንድ ሰው አቤቱታ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ግለሰብ ውሳኔ ከልክሎ ከሆነ፣ መንገዱ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዲህ ላለው በደል የተሠራ ነው፤ ሰውየውን ወደዚያ ይምሩት። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም አዳራሽ አይገባም። ዳኛን ከምክር ቤት ወንበር ላይ መገፋፋት የነገሩን ባለቤት ራሱን ይጎዳል።

ሦስተኛ፦ ወረቀት ይሰብስቡ

መምህርቷ ወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ሄደው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ መብራት እንዲገባ የተጻፈው ደብዳቤ ግልባጭ። ቁጥርና ቀን ነበረው። ከኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የመጣ የክፍያ ግምትም ከሥሩ ተያይዟል። የክፍያ ደረሰኝ ግን የለም። መዝገብ ቤቱ ውስጥ አቧራ የጠጣ ክላሰር፣ ውስጡ ሁለት ወረቀት፣ ሦስተኛው መሆን የነበረበት ቦታ ባዶ። ጥያቄው ያን ጊዜ ራሱን ጻፈ።

መሥሪያ ቤቱ ሰነድ አልሰጥም ካለ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ይጠይቁ። መረጃ የማግኘት መብት የማንኛውም ሰው ነው፤ መሥሪያ ቤቱም መልስ መስጠት ያለበት በ30 ቀናት ውስጥ ነው። የማመልከቻዎን ግልባጭ ያስቀሩ፤ መልስ ካልመጣ መዘግየቱ ራሱ ለጉባኤው አንድ ነጥብ ይሆናል። የክልሉ ዋና ኦዲተር ሪፖርትም ምክር ቤቱ ዘንድ ይቀርባል። አባላት ዘንድ ተነቦ የማያልቅ ወፍራም ሰነድ ነው፤ ቢሆንም ወረዳዎ የተጠቀሰበትን ገጽ ብቻ ፈልገው ያንብቡት። «ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት» የሚል መስመር ካገኙ «በጀት አጥሮን ነው» ለሚለው መልስ ዝግጁ ነዎት።

ሕጉም አንዱ ወረቀትዎ ነው። ለመንገድ ወይም ለኢንዱስትሪ ሲባል ከመሬታቸው የተነሡ ገበሬዎችን ጉዳይ የሚያነሡ ከሆነ «ካሳው አነሰ» ከማለትዎ በፊት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 ይመልከቱ፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን የሚወስደው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ በመክፈል ነው ይላል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በማሻሻያው ይገኛል። «በቅድሚያ» የሚለው ቃል ብቻ አንድ ሙሉ ጥያቄ ነው፦ መሬቱ የተወሰደው በየትኛው ቀን ነው፣ ካሳው የተከፈለውስ?

አራተኛ፦ ጊዜ ይምረጡ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የበጀት ረቂቁ ምክር ቤት በሚደርስበት ጊዜ የካፒታል ፕሮጀክቶች ዝርዝር ተጠናቅቋል፤ በዚያች ቀን «ለኛም ድልድይ» ማለት እንግዳ ከሄደ በኋላ ወጥ እንደመጨመር ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ ካለዎት የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት በሚቀርብበት ጉባኤ ያንሡት፤ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ገና እየተዘጋጀ ነውና። በበጀት ጉባኤው ደግሞ ቃል የተገባው በሰነዱ ውስጥ መግባቱን ይፈትሹ። ገጹን ገልጠው፣ የወረዳዎን ስም በጣትዎ ፈልገው።

የክልል ምክር ቤት በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚሰበሰበው። በመካከሉ ያለው ሥራ የቋሚ ኮሚቴዎች ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያገኙበት ጉዳይ በቋሚ ኮሚቴ ግማሽ ቀን ሊያገኝ ይችላል፤ ኮሚቴው ኃላፊውን ይጠራል፣ ሰነድ ያስቀርባል፣ መስክ ይወርዳል። የመስክ ምልከታ መርሐ ግብር ሲወጣ ቀበሌዎ እንዲካተት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሲወርዱም አስፋልት ዳር ያለው ሞዴል ጣቢያ ብቻ ታይቶ እንዳይመለሱ መንገዱን እርስዎ ይምሩ።

ጥያቄ ከስንት ቀን በፊት እንደሚገባ፣ ለአንድ አባል ስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ የሚወስነው የየምክር ቤቱ የአሠራርና የሥነ ምግባር ደንብ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ ቅጂ ወስደው ያንብቡት። ከአዳዲስ አባላት ብዙዎቹ ሳያነቡት ሁለት ጉባኤ ያልፋቸዋል።

አምስተኛ፦ ጥያቄውን ይጻፉ

በቃል አስታውሳለሁ አይበሉ። የመምህርቷን ጥያቄ በቃለ ጉባኤው እንዳሰፈርኩት በአጭሩ ላስቀምጠው፦

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ ለውኃ ቢሮ ኃላፊ ነው። በእኛ ወረዳ አንድ የጥልቅ ጉድጓድ ፕሮጀክት ግንባታው ካለቀ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ስድስቱም ቦኖዎች ሽቦ ታስሮባቸዋል፤ እኔ ራሴ አይቻቸዋለሁ። የኤሌክትሪክ መስመር የክፍያ ግምት ለወረዳው መድረሱን የሚያሳይ ደብዳቤ በእጄ አለ፤ የተከፈለበት ደረሰኝ ግን የለም። ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ክፍያው ለምን አልተፈጸመም? የሚፈጽመው ቢሮው ነው ወይስ ወረዳው? የሚፈጸመውስ በየትኛው ወር ነው?»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። አንድ ቦታ፣ አንድ ጉዳይ፣ አንድ ተጠያቂ፤ በመጨረሻም ቀን የሚያስቆርጥ ጥያቄ። ሌሎች አባላት በተሰጣቸው ጊዜ የመንገዱንም፣ የጤና ጣቢያውንም፣ የመምህራን ደመወዝ መዘግየቱንም፣ የኔትወርኩንም ደርድረው ነበር። ኃላፊዎች ለእንዲህ ያለው ድርድር ሲመልሱ ቀላሉን መርጠው ይመልሱና ከባዱን ያልፉታል። ከመራጮችዎ አሥር ጉዳይ ይዘው ቢመጡ ዘጠኙን በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤቱ ያስገቡ፤ አንዱን ብቻ በአፍ ያንሡ። የቱን ልምረጥ ካሉ፣ በጣም የሚያመውን ሳይሆን ማስረጃው የሞላልዎትን ይምረጡ። ይህ ምክር ጨካኝ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ያልተዘጋጁበትን ትልቅ ጉዳይ አንሥቶ በአንድ «እየተሠራበት ነው» ማዘጋት ግን ለጉዳዩ ባለቤቶች የባሰ ጭካኔ ነው።

ጽሑፉን ሲጨርሱ አንድ ፍተሻ ያድርጉ፦ «የሚመለከተው አካል» የሚል ሐረግ ካለበት ሰርዘው የመሥሪያ ቤቱን ስም ይጻፉ። «ትኩረት ይሰጠው» የሚል ካለ ሰርዘው «መቼ» ብለው ይጻፉ። እነዚህ ሁለት ሐረጎች በጻፍኳቸው ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል፤ በእያንዳንዳቸው ሥር አንድ ቀበሌ አለ።

ስድስተኛ፦ አዳራሹ ውስጥ

ቀድመው እጅዎን ያውጡ፤ ዕድሉ ሲዞር ሰዓት ያልቃል። ንግግርዎን ለአፈ ጉባኤው ያድርጉ፤ ከኃላፊው ጋር ፊት ለፊት አይከራከሩ። ምስጋናና መግቢያ ያሳጥሩ። በሪፖርቱ ላይ በጎ ያሉት ነገር ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩና ወደ ነገርዎ ይግቡ።

ኃላፊው የፓርቲዎ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ የጠየቁት ነገ አለቃዎ ሊሆን ይችላል። ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው፣ አልንቀውም። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት ተጠሪነቱ ለወከለው ክልል ሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝቡ በተወካዩ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ከግለሰቡ ይልቅ ሰነዱን ያስቀድሙ፤ «እርስዎ አልሠሩም» ከማለት «ደረሰኙ የለም» ማለት የሚያስቀይመው ያነሰ፣ የሚያመልጠውም ያነሰ ነው።

ኃላፊው ከመለሰ በኋላ መልሱ ጥያቄዎን ካልነካ ተጨማሪ ዕድል ይጠይቁ፤ «ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ሦስተኛው ጥያቄዬ አልተመለሰም» ብቻ ይበቃል። መምህርቷ እንዲሁ አደረጉ። ኃላፊው ክፍያው በበጀት እንዳልተያዘ አምነው፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ እንደሚፈጸም ተናገሩ። «መጋቢት» የሚለውን ቃል ስጽፍ እጄን እንዳየሁት አስታውሳለሁ።

ሰባተኛ፦ መልሱን ይከተሉ

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄደው የእርስዎ ጥያቄና መልሱ እንዴት እንደተጻፈ ይመልከቱ። ስሕተት ካለ ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ጉባኤ ሲጸድቅ እርማት ይጠይቁ፤ ከጸደቀ በኋላ ያለው እርማት አስቸጋሪ ነው። ከዚያ ለቢሮው በቃለ ጉባኤው የተገባውን ቃል የሚጠቅስ አጭር ደብዳቤ በጽሕፈት ቤቱ በኩል እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ግልባጭ ለቋሚ ኮሚቴው።

መጋቢት አለቀ፤ ክፍያው አልተፈጸመም። መምህርቷ በቀጣዩ ጉባኤ የቃለ ጉባኤውን ገጽ ቁጥር ጠቅሰው የኃላፊውን ቃል እንደወረደ አነበቡት። ሌላ ነገር አልጨመሩም። አዳራሹ ጸጥ አለ። ክፍያው የተፈጸመው በዚያው ሰሞን ነው፤ መስመሩ የተዘረጋው ደግሞ ከክረምቱ በኋላ።

ስምንተኛ፦ ወደ ቀበሌው ይመለሱ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም ይዘውት ይሂዱ። የመራጭና የተመራጭ መድረክ እስኪጠራ አይጠብቁ፤ ገበያ ቀን፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሰው በሚሰበሰብበት ይንገሩ። ምን እንደጠየቁ፣ ማን ምን እንደመለሰ፣ የተቆረጠው ወር የትኛው እንደሆነ። ወሩን ሕዝቡ ካወቀው ክትትሉ የእርስዎ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ የሚቆሙ ሌሎች እግሮች ይኖራሉ።

የእያንዳንዱን ጉዳይ ደብዳቤ፣ ጥያቄ፣ የቃለ ጉባኤ ገጽና መልስ በአንድ ክላሰር ያኑሩ። የምክር ቤቱ ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ አንዳንዱ መንገድና አንዳንዱ ድልድይ ከዚያ በላይ ይወስዳል። የእርስዎ ዘመን ሲያልቅ ክላሰሩን ለተተኪዎ ያስረክቡ፣ በፊርማ።